የአውደ ዓመት ዋዜማ፦ ያልተጻፈው የጓዳ ታሪክ

የአንድ ኅብረተሰብ የኑሮ ደረጃ፣ የሥራ ክፍፍሉና የእርስ በርስ ግንኙነቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ወቅቶች አንዱ የአውደ ዓመት ዋዜማ ነው። በዓሉ በዋለበት ዕለት ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ ስለሚገኝ የድኻውና የባለጸጋው፣ የደከመውና ያረፈው ልዩነት ለጥቂት ሰዓታት የተሸፈነ ይመስላል። በዋዜማው ግን ሽፋን የለም። ማን ስንት ብር እንዳለው፣ ማን ከማን እንደሚበደር፣ ማን ሌሊቱን ቆሞ እንደሚያነጋና ማን ተኝቶ እንደሚያድር በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የበዓልን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው አደባባዩን ትቶ ወደ ጓዳው መዝለቅ፣ ከበዓሉም በፊት ያሉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት መመርመር ይገባዋል።

ለዚህ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። መስከረም 1 ቀን የሚውለው ይህ በዓል የሚመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በገበሬው ቤት ሐምሌና ነሐሴ የጎተራው ወለል የሚታይባቸው ወራት ናቸው፤ ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ ገና በማሳው ላይ አረንጓዴ ነው። ለከተማው ደመወዝተኛም ቢሆን ክረምት ጣራ የሚያፈስበት፣ እንጨቱ የሚረጥብበት፣ ከሰሉ የሚወደድበት፣ የልጆች ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ወጪ ከበዓሉ ወጪ ጋር ተደርቦ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ደስታው የሚጠራው ኪሱም ጎተራውም በሳሳበት ሰዓት መሆኑ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ ከብዙዎቹ በዓላት ዋዜማ ይበልጥ ያከብደዋል።

የቤት እመቤት ቀን አቆጣጠር ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የተለየ ነው። ጠላው ለበዓሉ እንዲደርስ ጌሾው ተወቅጦ የሚጠነሰሰው ከሳምንት በላይ አስቀድሞ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ከጥንስሱ ቀጥሎ ድፍድፉ ይዘጋጃል። በርበሬ ካለቀ ዛላው ተገዝቶ ይቀነጠሳል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይደለዛል፣ በዝናቡ ወር ብልጭ የምትለዋ ፀሐይ እየተጠበቀች ይሰጣል፣ ደመና ሲመጣም እየተሮጠ ይነሣል። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠራል። ለድፎ ዳቦው የሚሆነው የኮባ ቅጠል ከጎረቤት ጓሮ ይለመናል። በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ የሽንኩርቱ ክምር ይቀርባል። እናት፣ ልጅና የጎረቤት ሴት ከብበው ሲከትፉ ዓይናቸው ያነባል፤ ከዚያ ዕንባ ውስጥ የሽንኩርቱ ስንቱ እንደሆነና የኑሮው ስንቱ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

አባወራው በበኩሉ በገበያና በብድር መካከል ይመላለሳል። የበግ ላት ሲዳብስ፣ የሻጩን ፊት ሲያጠና፣ ሄዶ ሲመለስ ውሎ በመጨረሻ ዶሮ ይዞ ይገባል። ሚስቱም ክንፏን ገለጥ፣ ደረቷን ዳሰስ አድርጋ «ላባ ሸጠውልህ መጣህ?» ትለዋለች። ከዚህች አንዲት ቃል የሚነሣው ጭቅጭቅ የዓመቱን ቂም ሁሉ ይጠራል፦ ያልተከፈለው ዕቁብ፣ ለባል ወንድም የተሰጠው ገንዘብ፣ ለሚስት እናት ያልተገዛው ነጠላ በተራ በተራ ይወሳል። ዶሮዋ በዚህ ጊዜ እግሯ ታስሮ ማዕድ ቤት ጥግ ተቀምጣለች። ነገሩ የሚበርደው አንዱ ልጅ ሲስቅ ወይም ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ብቅ ስትል ነው።

ልጆቹ የሚያውቁት ዋዜማ ሌላ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍሩበታል። ልጃገረዶች ለአበባየሆሽ ይጠራራሉ፣ አደይ አበባ ፍለጋ ወደ መስክ ይወርዳሉ፣ ከበሮ ይዋሳሉ። ወንዶቹ በእርሳስና በቀለም አበባ፣ መልአክ፣ ፈረሰኛ ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ለመስጠት ያሰናዳሉ። በብዙ ቤት ለከርሞም እንዲሆን ተብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ የተገዛው ጫማ ከልጁ ራስጌ ያድራል። ያ ልጅ ነገ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ እንደሚራመድበት ያውቃል፤ ሌሊቱን ግን የአዲስ ቆዳ ሽታ እየማገ በደስታ ያነጋል። የበዓል ዋዜማ ትዝታ ከብዙ ሰው ልብ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። አዋቂው በጭንቀት የገነባውን ልጁ በደስታ ይወርሰዋል።

ይህ የቤተሰብ ጣጣ ግን ምንጊዜም በቤተሰቡ አጥር ውስጥ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የመሬት ሥሪቱ፣ የገበያው ሁኔታና የመንግሥቱ ጠባይ በየዘመኑ እስከ ምድጃው ድረስ ይዘልቅ ነበር።

በፊውዳሉ ሥርዓት የጭሰኛው ቤት ሁለት ዋዜማ ነበረው፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው የባለመሬቱ። ጭሰኛው ከምርቱ እንደየአገሩ ልማድ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ካስረከበ በኋላ እንኳ፣ በብዙ ስፍራ ገናና ፋሲካ በመጣ ቁጥር በግ፣ ዶሮ፣ ማር፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ማገዶ ይዞ በጌታው ደጅ መታየት ነበረበት። ነገሩ «መተያያ» ወይም «እጅ መንሻ» ይባላል። ስሙ የፍቅር ስጦታ ይምሰል እንጂ የቀረበት ሰው በሚመጣው ዓመት መሬቱን እንደሚያጣ ያውቅ ስለነበር ግዴታነቱ አያጠራጥርም። ልጆች ክረምት ከበጋ ሲያግዱት የኖሩት ሙክት በዋዜማው ተጎትቶ ሲሄድ፣ ለጭሰኛው ልጅ በዓል ማለት በሌላ ሰው ቤት የሚሸት ጥብስ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ባላገሮቹ ከተለመደው በላይ የተጠየቁትን መዋጮ እምቢ ብለው በጌታቸው ላይ ሲነሡ ማሳየታቸው ልብ ወለዱን ከፍቅር ታሪክነት አልፎ የዘመኑ የኑሮ ምስክር አድርጎታል።

መተያያው በታላላቆቹ ቤት ተጠራቅሞ ግብር ይሆናል። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በታላላቅ በዓላት ሺዎች በአንድ አዳራሽ ይበሉ ነበር። መኳንንቱ አስቀድመው፣ ወታደሩ ቀጥሎ፣ ድኻው በመጨረሻ በየማዕረጉ ይገባል። ጎብኚዎች ስለ ሰንጋው ብዛት፣ ስለ ጠጁ መፍሰስ፣ ስለ አገባቡ ሥነ ሥርዓት በመደነቅ ጽፈዋል። ነገር ግን ለዚያ አዳራሽ እንጀራ የሚሆነውን ጤፍ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው፣ መጁን እየገፉ ሌሊቱን ሲፈጩ ያደሩት ሴቶች በጽሑፎቹ ውስጥ እምብዛም ስም የላቸውም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የግብሩን ድምቀት ማድነቅ ተገቢ ቢሆንም፣ የወፍጮውን ድምፅ ያልሰማ አድናቆት ግማሽ ታሪክ ብቻ ነው።

ድግሱ ሁሉ የቆመው በበሬው ጫንቃ ላይ መሆኑ የታወቀው ደግሞ በሬው ሲያልቅ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት እልቂት ወደ አገር ገብቶ እጅግ የሚበዛውን ከብት ፈጀ። ድርቅ፣ አንበጣና ወረርሽኝ ተከተሉት፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ። ያለ በሬ የሚታረስ መሬት ስላልነበረ ሰው ዶማ አነሣ፤ ምኒልክ ራሳቸው አርአያ ለመሆን ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይነገራል። በእነዚያ ዓመታት ጾም የሚፈታበት ቀን ለብዙው ቤት ጾሙ የሚቀጥልበት ቀን ነበር። ከክፉ ቀን በኋላ ለአውደ ዓመት በሬ ማረድ የቻለ መንደር ዕርዱን የመትረፉ ምልክት አድርጎ ቢያይ አያስደንቅም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ እያደገች ስትሄድ የበዓል ዋዜማም መልኩን ለወጠ። ከየአገሩ የተሰበሰበው ሠራተኛ፣ ወታደር፣ ነጋዴና አሽከር የራሱ በሬ፣ የራሱ ማሳ፣ የራሱ የንብ ቀፎ አልነበረውም፤ ሁሉን ከገበያ መግዛት ግድ ሆነበት። በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ፣ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህም ወደ ምዕራብ የተዛወረውና መርካቶ የተባለው ገበያ የዋዜማው መናኸሪያ ሆኑ። በዚህ ኑሮ ውስጥ የከተማው ድኻ ሁለት ታላላቅ የመረዳጃ መንገዶችን አጠነከረ፤ ዕቁብንና ቅርጫን።

ቅርጫ በተለይ ሊጠና የሚገባው የሕዝብ ጥበብ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን በሬ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጎረቤቶች አዋጥተው ይገዙታል። ገዢዎቹ ከዋዜማው በፊት የበሬውን ጥርስና ሻኛ አይተው ይመርጣሉ፤ ሲታረድም ከሽንጡ፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው ሳይቀር እየተቆረጠ በቅጠል ላይ እኩል መደብ ይደለደላል። ከዚያ እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የእንጨት ስባሪ ወይም ቅጠል ምልክት አድርጎ ይሰጣል። የማን ምልክት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣው ከወደቀ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው። በዚህ ቦታ ሹሙና ዘበኛው፣ ባለ ሱቁና ተሸካሚው እኩል ናቸው። ከግብር አዳራሹ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ በአዳራሹ ሥጋው በማዕረግ ይወርዳል፣ በቅርጫው ግን በእኩልነት ይከፈላል። ስለ እኩልነት ብዙ ከመጻፉ በፊት ድኻው በኮባ ቅጠል ላይ ሲደለድለው ኖሯል።

ተመሳሳይ ብልሃት በሌሎችም ብሔረሰቦች ዘንድ ይገኛል። በጉራጌ አገር ለመስቀል የሚደረገው ዝግጅት ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነው። ሴቶች ቅቤ በተራ እያዋጡ «ውጆ» በሚባለው ማኅበራቸው ያከማቻሉ፤ ወንዶች ለበሬው ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ በአዲስ አበባ በንግድና በጉልበት ሥራ የሚተዳደረው ልጅ ደግሞ ልብስና ስጦታ ተሸክሞ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል። በስልጤና በሙስሊም ጉራጌዎች ዘንድ አረፋ ይህንኑ ስፍራ ይይዛል። እዚያ የበዓሉ መግቢያ «የሴቶች አረፋ» ተብሎ ይጠራል፤ ዕርዱ የሚፈጸምበት «የወንዶች አረፋ» ከዚያ በኋላ ይከተላል። ለሴቶች ልፋት በስሙ ቀን የሰየመ ልማድ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ለረዥም ዘመን የአገሪቱ ሙስሊሞች በዓላቸውን በሥራ ቀን መካከል ነበር የሚያከብሩት። የመንግሥት ሠራተኛው አባት በዒድ ዕለት ቢሮ ይገባል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ይቀመጣል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ፣ ክርስቲያኖችም ጭምር በተሰለፉበት፣ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ በዓላቱ በብሔራዊ ደረጃ ይከበሩ የሚል ነበር። ጥያቄው በ1967 ዓ.ም. መልስ አግኝቶ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የአገሪቱ በዓላት ሆኑ። ጎረቤቶች ግን አዋጁን ሳይጠብቁ ቀድመው ተግባብተው ኖረዋል። በወሎና በሌሎችም አገሮች ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ ዕርዱን ለይቶ፣ ጠላውን በብርዝ ወይም በቀሪቦ ተክቶ ይጠብቀዋል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። አንዲት እመቤት በዋዜማው ሁለት ድስት ለይታ ስትጥድ የምትሠራው ሥራ በማናቸውም ሸንጎ ከሚነገረው የአብሮነት ቃል አያንስም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ተሻረ፤ የበዓል መተያያም አብሮ ተሻረ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሙክቱን በራሱ ደጅ ያረደ ጭሰኛ የተሰማው ደስታ በታሪክ ሚዛን ላይ ቀላል ነገር አይደለም። በተከታዮቹ ዓመታት ግን ዋዜማው ሌላ ጣጣ አገኘው። የእህል ዝውውር በኬላ ታገደ፤ በከተሞች ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱና ጤፉ በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በኮታ ይታደል ጀመር። ሴቶች ከሌሊቱ ተነሥተው ተሰለፉ፤ ወረፋ ጠባቂ ያጣች ድንጋይ ወይም ቅርጫት በቦታዋ አስቀምጣ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ከዚህ የከፋው በገበታ ዙሪያ የታየው ጉድለት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸውን ያጡ ቤቶች፣ በ1975 ዓ.ም. ከታወጀው ብሔራዊ ውትድርና በኋላም ልጆቻቸው በየግንባሩ የቀሩባቸው ቤቶች አውደ ዓመትን በፍርሃት ይጠብቁት ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ስታከብር፣ በወሎና በትግራይ ስፍር ቁጥር የሌለው ወገን በረኃብ ይረግፍ ነበር። ሹም ድግሱን ከድኻው ምድጃ ለይቶ ሲያይ ምን እንደሚከተል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። የእህሉ ኬላ የተነሣው ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀበት በ1982 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ሁሉ የሥርዓት መለዋወጥ መካከል ሳይለወጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጓዳው ሥራ በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ ነው። ዶሮዋ በሎሚና በጨው ደጋግማ ትታጠባለች፤ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ትወጣለች፤ ሽንኩርቱ በዝግታ እስኪበስል ሰዓታት ይወስዳል። በፋሲካ ሌሊት ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወጡ ደርሶ መገኘት አለበት። ማዕዱ ሲቀርብ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፤ እንግዳው፣ ሽማግሌው፣ ልጆቹ በየተራቸው ይጎርሳሉ። ያበሰለችው ሴት ጨው አንሶ እንደሆነ ለማወቅ የሰውን ፊት እያየች ትቆማለች። ስትቀመጥ ቀኑ መሽቷል፤ የሚደርሳትም ብዙውን ጊዜ አንገቱና ወጡ ነው። «አልራበኝም፣ ሲሸተኝ ውሎ ጠገብሁ» ትላለች። ይህች አባባል ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈች፣ ማንም ያልተቃወማት ውሸት ናት።

የሞተር ወፍጮ ሲስፋፋ ድንጋዩ ከከተማው ቤት ወጣ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲመጣ ጭሱ ቀነሰ፤ አሁን ደግሞ የተፈጨ በርበሬና የተጋገረ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቅርጫው በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ግቢ ሲካሄድ ይታያል፤ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች የሚተዋወቁትም በዚያው መደብ ዙሪያ ነው። መሣሪያው ብዙ ለውጥ ያሳየውን ያህል የሥራ ክፍፍሉ ግን አላሳየም። እንዲያውም ዛሬ ብዙ እናቶች የበዓሉን ወጪ የሚሸፍኑት ወደ ዓረብ አገሮች ተሰደው በሰው ቤት የሚሠሩ ሴት ልጆቻቸው በሚልኩት ገንዘብ ነው። ያቺ ልጅ በሌላ አገር ጓዳ የሌላ ቤተሰብን በዓል ታሰናዳለች፤ በዋዜማው ስልክ ደውላም «ጠላው እንዴት ወጣ?» ብላ ትጠይቃለች። እናትየዋ ስለ ጠላው ትነግራታለች፤ ስለ ናፍቆቱ ሁለቱም አያነሡም። ትናንት በታላቅ ሰው ወፍጮ ቤት ያደረችው ሴት ታሪክ ባሕር ተሻግሮ ቀጥሏል።

የአውደ ዓመት ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው። በረኃብ፣ በጦርነትና በስደት ውስጥ አልፎ ዛሬ የደረሰው ሕዝቡ ያለርሱ መኖር ስላልፈለገ ነው። ስለዚህ ይህን ባህል የሚያስተምር መምህር፣ የሚሥል ሠዓሊ፣ በመድረክ የሚያሳይ ተዋናይ አደይ አበባውንና ከበሮውን ብቻ ሳይሆን ዋዜማውንም ማሳየት ይጠበቅበታል፦ የተበደረውን አባት፣ ሁለት ቁጥር የሰፋውን ጫማ፣ በዕጣ የተከፈለውን በሬ፣ ሌሊቱን የቆመችውን እናት። ባህልን መጠበቅ ማለት ውበቱን ጠብቆ ሸክሙን ማካፈል ካልሆነ፣ የተጠበቀው ለተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ቅርጫን የፈለሰፈ ሕዝብ የሥጋውን መደብ እኩል መደልደል ያውቃል፤ የሥራውንም መደብ እኩል መደልደል አይሳነውም። ያ በተደረገ ቤት የአውደ ዓመት ማዕድ ሲቀርብ እናቲቱ ከሌሎቹ ጋር ትቀመጣለች፣ ፈረሰኛውም አንድ ጊዜ ወደ እርሷ ይዞራል።